ርኅራኄ ሙያ ሲሆን፦ የተጎዳ ስሜትን ስለማከም የቀረበ ዳሰሳ

ልቡ የተጎዳ ሰው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ተመላልሶ ሲድን ያዳነው ምንድን ነው? ባለሙያው የተማረው ዘዴ ነው ወይስ ባለሙያው ራሱ? ጥያቄው በሙያው ውስጥ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲያወዛግብ ኖሯል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1936 ሳውል ሮዘንዝዋይግ የተባለ አሜሪካዊ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። እርስ በርስ የሚናናቁት የሕክምና ዘርፎች ሁሉም ተቀራራቢ ውጤት ካገኙ፣ ሳይታወቃቸው የሚጋሩት ነገር ቢኖር ነው የሚል ነበር። በ1957 ካርል ሮጀርስ ያ ነገር ምን እንደሆነ ዘርዝሮ ተናገረ። ባለሙያው ማስመሰል የሌለበት ይሁን፤ ታካሚውን «እንዲህ ስትሆን ነው የምቀበልህ» ሳይል ይቀበለው፤ ነገሩን በታካሚው ዓይን ይየው፤ ታካሚውም ይህ እየተደረገለት እንደሆነ ይሰማው። ሮጀርስ እነዚህ የግድ ያስፈልጋሉ በማለት አላቆመም፤ ይበቃሉም አለ። ጠቡን ያመጣው የመጨረሻው ነው።

ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመው ማስረጃ ለሮጀርስ በግማሽ ይፈርድለታል። በ2018 ክሪስቶፍ ፍሉኪገርና ባልደረቦቹ 295 ጥናቶችን ሰብስበው ከ30,000 በላይ ታካሚዎችን የሚመለከት መረጃ መረመሩ። በታካሚና በባለሙያ መካከል ያለው መግባባት ጥሩ በሆነበት ቦታ ውጤቱም የተሻለ ሆኖ አገኙት። ዝምድናው በስታቲስቲክስ 0.28 ገደማ ሲሆን፣ በሕክምና ውጤት ላይ ከሚታየው ልዩነት 8 በመቶ ያህሉን ይገልጻል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ የታወቀ ዘዴ ሌላውን የታወቀ ዘዴ የሚበልጥበት ልክ ብዙውን ጊዜ ከዚህም ያንሳል። በሌላ በኩል፣ ቀድሞ የተሻለው ሰው ሐኪሙን ይበልጥ ሊወደው ስለሚችል ምክንያቱና ውጤቱ ሙሉ በሙሉ አልተለያዩም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነጥብ አለ። ይህን መግባባት በ1979 የተነተነው ኤድዋርድ ቦርዲን ነገሩን ለሦስት ከፍሎታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው መተማመን፣ የት መድረስ እንደሚፈልጉ መስማማታቸው፣ እዚያ ለመድረስ ምን እንደሚሠሩ መስማማታቸው። መዋደድ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። ሳምንት በሳምንት እየተገናኙ ከልብ የሚተዛዘኑ፣ ነገር ግን ምን እየሠሩ እንደሆነ የማያውቁ ባለሙያና ታካሚ በቦርዲን ሚዛን ገና አልተግባቡም።

እንግዲህ በዚህ ዳሰሳ የምከራከርለት ሐሳብ፣ ርኅራኄና የሰውን ኑሮ በሙሉ ማየት የስሜት ሕክምና ዋና ሥራ ናቸው፤ ዋና ሥራ የሚሆኑት ግን እንደ ሙያ ሲያዙ ነው የሚል ነው። የሚማሩት፣ የሚለማመዱት፣ ውጤቱን የሚለኩት፣ ሌላ ሰው ገብቶ የሚያርመው ነገር ሲሆኑ ማለቴ ነው። የደግ ሰው ጠባይ ብቻ ሆነው ሲቀሩ ምን ያህል እንደሚጎድሉ በኋላ እመለስበታለሁ።

ራሱን የሚወቅሰው ታካሚ

ርኅራኄን ከስብከት አውጥተው ወደ ዘዴ ከለወጡት ሰዎች ቀዳሚው እንግሊዛዊው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ፖል ጊልበርት ነው። መነሻው በሥራው ላይ ያጋጠመው እንቅፋት ነበር። የተዛባ አስተሳሰብን በማስረጃ የሚያርመውን የተለመደ ሕክምና ሲሰጥ ታካሚዎቹ የቤት ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ። «ጥፋቱ የኔ አልነበረም፤ ልጅ ነበርኩ» ብለው ይጽፋሉ፤ ያምኑበታልም። ስሜታቸው ግን ንቅንቅ አይልም። ጊልበርት ያንን ዐረፍተ ነገር በውስጣቸው በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰሙት ሲጠይቃቸው ቀዝቃዛ፣ አንዳንዴም የቁጣ ድምፅ ሆኖ አገኘው። ሰውዬው ራሱን የሚያጽናናው ራሱን በሚገስጽበት አንደበት ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ጊልበርት የሰውን ስሜት በሦስት ሥርዓቶች ከፍሎ ያስረዳል። አንደኛው አደጋን የሚጠብቀው ነው፤ ፍርሃት፣ ቁጣና መጸየፍ የሚመጡት ከዚህ ነው። ሁለተኛው ወደምንፈልገው ነገር የሚያስሮጠን ነው። ሦስተኛው ደኅና ነኝ፣ ሰው አለኝ ብለን የምንረጋጋበት ነው። ይህ ሦስተኛው በልጅነት በሚያባብል እጅ ይገነባል፤ ያ እጅ ያልነበረው ሰው ካደገ በኋላ መማር አለበት። ልምምዶቹ ከውጭ ለሚያይ ያስቃሉ። ታካሚው ትንፋሹን ያዘገያል። የሚራራለትን አንድ ሰው ወይም ፍጡር በዓይነ ልቡናው ይሥላል። ከአንዱ ወንበር ላይ ሆኖ ራሱን ይወቅሳል፣ ተነሥቶ ሌላው ላይ ተቀምጦ ለወቀሳው ይመልሳል፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ የሚያዝን ሰው ሆኖ ሁለቱንም ያነጋግራል። ለራሱ ደብዳቤ ይጽፋል። በ2006 ጊልበርትና ሱ ፕሮክተር ያሳተሙት የመጀመሪያ ሙከራ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ 12 ስብሰባ ነበረው፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ድባቴያቸውም፣ ጭንቀታቸውም፣ ሀፍረታቸውም ቀነሰ፤ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበር ግን ከዚህ ብዙ መደምደም አይቻልም። ከዚያ በኋላ ሥራው በዝቷል። በ2017 የወጣ ግምገማ 21 ሙከራዎችን አጠቃልሎ ድባቴንና ጭንቀትን በመቀነስ በኩል መካከለኛ ጥቅም አግኝቷል። ሙከራዎቹ አብዛኞቹ አነስተኛ መሆናቸውን ግን መዘንጋት አይገባም።

ከጊልበርት ሥራ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ርኅራኄን የሚፈሩ ሰዎች እንዳሉ በግልጽ ማሳየቱ። በልጅነቱ ሲያለቅስ የተገረፈ ሰው፣ ወይም ያባበለው እጅ በኋላ ላይ የጎዳው ሰው፣ ለስለስ ያለ ድምፅ ሲሰማ ገላው ይኮማተራል። እንዲህ ላለው ታካሚ የባለሙያው ደግነት በመጀመሪያ ሥቃይ ነው፤ ጥቂት በጥቂት፣ እየለካ ካልሰጠው ሁለተኛ አይመለስም። ገመናን መሸፈን ትልቅ ነገር በሆነበት በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ጉዳይ ገና በቅጡ አልተነጋገርንበትም። የእኛ የተለመደ ማጽናኛ ፈጣን ነው። «አይዞሽ»፣ «ቻይው»፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» እንላለን። ከፍቅር ነው የምንለው። ነገር ግን ስንቱ ሰው አፉን ሊከፍት ሲል በእነዚህ ቃላት ዝም እንዳለ ማስተዋል አይከብድም። የሠለጠነ ባለሙያ ከሌላው ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ «አይዞሽ»ን ለማለት አለመቸኮሉ ነው።

ሥጋና ነፍስ

አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል በ1977 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ሕክምና የሰውን አካል፣ አእምሮና ማኅበራዊ ኑሮ አንድ ላይ ካላየ በሽታውን አያየውም ብሎ ሲጽፍ ለምዕራቡ ሕክምና አዲስ ነገር ነበር። ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አልነበረም። እኛ ሐዘናችንን ከጥንትም በአካላችን ነው የምንናገረው፤ ሆዴ ተቃጠለ፣ ልቤ ደከመ፣ ጭንቅላቴን ያግለኛል፣ ሰውነቴን ይበላኛል። ይህ ልማድ የሚያስከትለውን መዘዝ በደንብ የሚያሳየው የእስራኤል ተሞክሮ ነው። በሱዳን በረሃ የተጓዙ፣ በመንገድ ዘመዶቻቸውን የቀበሩ ቤተ እስራኤላውያን ከ1984 ጀምሮ በብዛት እስራኤል ሲገቡ፣ ሐኪም ፊት ቀርበው የተናገሩት ስለ ሆዳቸውና ስለ ልባቸው ነበር። ሐኪሙ ምርመራ ያዛል፣ ውጤቱ ደኅና ነው፣ ታካሚው አልተሰማሁም ብሎ ይሄዳል። በ1990ዎቹ በዚሁ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ታካሚውና ሐኪሙ ስለ አንዱ ሕመም ሁለት የተለያየ ታሪክ ይዘው እንደሚለያዩ አሳይተዋል። በዛር የተያዙ ሰዎችን አእምሯቸውን የሳቱ አድርጎ የመቁጠር አደጋም ተመዝግቧል። በኋላ ላይ በጤና ጣቢያዎች ሁለቱንም ቋንቋና ባህል የሚያውቁ ከማኅበረሰቡ የወጡ አገናኞች ሲመደቡ በሐኪምና በታካሚ መካከል ያለው ነገር ተሻሻለ። በቶሮንቶም ሆነ በዋሽንግተን ዛሬ በአስተርጓሚ የሚታከም ኢትዮጵያዊ ያለበት ችግር ከዚህ ብዙ አይለይም።

በአካል በኩል ስሜትን ማከም ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የሚታመን መልስ ያለን በጥቂቱ ነው። በ2024 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ግምገማ 218 ጥናቶችንና 14,170 ሰዎችን ይዞ፣ በእግር መሄድና ሶምሶማ፣ ዮጋ፣ ክብደት ማንሣት ድባቴን እንደሚቀንሱ አግኝቷል፤ የጥናቶቹ ጥራት ግን ዝቅተኛ መሆኑን ደራሲዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል። በ2017 በ26 የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች 3,755 ተማሪዎች የተሳተፉበት ሙከራ እንቅልፍ ማጣትን ብቻ ማከም ሰውን የመጠራጠር ስሜትን ጭምር እንደሚቀንስ አሳይቷል። «እንቅልፍሽስ?» ብሎ የማይጠይቅ የስሜት ሐኪም እንግዲህ ግማሹን ሥራ ትቶታል ማለት ነው። በ2014 የታተመውና በዓለም ዙሪያ የተነበበው የቤሰል ቫን ደር ኮልክ መጽሐፍ አሰቃቂ ነገር የደረሰበት ሰው ሥቃዩን በገላው ይዞት እንደሚዞር ለብዙ አንባቢ አስተምሯል፤ ያም ሆኖ በዚህ ሐሳብ ስም የሚሸጠው ማሸት፣ ማንቀጥቀጥና «ጉልበት ማስተካከል» ሁሉ ማስረጃ አለው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት የመከረው በአደጋው ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናን፣ እንዲሁም በዓይን እንቅስቃሴ ታግዞ የሚሰጠውን ሕክምና ነው።

ድንኳን የማይጣልለት ሐዘን

ስለ ፈውስ ስናወራ እኛ ቀድሞውንም ብዙ ነገር አለን የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው። ለቅሶ፣ ሰልስት፣ አርባ፤ የእድር ድንኳንና ወንበር፤ ንስሐ አባት፤ ጠበል፤ የወሎ ወዳጃ፤ የሼሁ ዱዓ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሳይመን ሜሲንግ በ1958 ስለ ዛር በጻፈው ጥናት ነገሩን በቡድን እንደሚሰጥ ሕክምና ቆጥሮታል። ለተናቁ፣ በተለይም ለሴቶች፣ ሰሚ የሚያገኙበትና ከበሬታ የሚቀምሱበት ቦታ ነበርና።

ለቅሶን በቅርብ ላየው ከዘመኑ ጥናት ጋር የሚገርም ስምምነት አለው። ከአደጋ የተረፉ ሰዎችን ወዲያውኑ አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ እንዲናገሩ የሚያደርግ የአንድ ጊዜ ስብሰባ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በምዕራቡ ዓለም በጣም ተስፋፍቶ ነበር። በኋላ ሙከራዎቹ ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ በ2002 የወጣው የኮክሬን ግምገማ አሠራሩ እንደማይጠቅም፣ በአንዳንዱም ላይ ሊያባብስ እንደሚችል ደመደመ። ለቅሶ ቤት ግን ማንም ኀዘንተኛውን «ንገረን» አይለውም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ንፍሮ ይዘግናል፣ ዝም ይላል፣ ይሄዳል፤ ነገ ሌላው ይመጣል። ጎረቤት እንጀራ ይዞ ይገባል። ኀዘንተኛው የሚያወራው ሲፈልግ ነው።

ይሁንና ይህ ሁሉ የሚሠራው ለታወቀ ሐዘን ነው። ድንኳን የሚጣለው ሞትን ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። ተደፍራ ለእናቷ ያልነገረች ልጅ፣ ጽንስ የወረደባት ሴት፣ በእስር ቤት የተደረገበትን የማይናገር ወንድ፣ ባሕር ማዶ አሠሪዋ ያቃጠለቻት የቤት ሠራተኛ ለሐዘናቸው ድንኳን የለም። ለእነዚህ የባለሙያዋ ትንሽ ክፍል የሚሰጠው ዋና ነገር ምሥጢር ነው። ባህላችን በብዙ ይበቃናል የሚሉ ወገኖች ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲፋጠጡ አላየሁም።

ጠበልን በተመለከተ ክርክሩ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ላልፈው። ጠበል ቦታ ላይ ሰው የሚያገኘው ተስፋ፣ ጸሎትና ወገን እውነተኛ ነው። በሰንሰለት መታሰሩ፣ መድኃኒቱን እንዲጥል መደረጉም እውነት ነው። መፍትሔው ከሁለት አንዱን ማፍረስ እንዳልሆነ ግን ከዚህ ቀደም ታይቷል። በ2007 የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ በእንጦጦ ጠበል መድኃኒቱን ደብቆ የሚወስድ ወይም የተወ ስንት ሰው ነበር። በአእምሮ ሕመም በኩልም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ጠበል ቦታ ላይ አብረው ስለሚሠሩበት መንገድ በ2021 ከአዲስ አበባ የተጻፈ ጥናት ወጥቷል። ካህኑ ሲያጠምቅ ሐኪሙ ያያል፤ ሐኪሙ ሲያዝ ካህኑ «ውሰድ» ይላል።

የሐራሬ አያቶች

ርኅራኄ ወደ ሙያ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ከዚምባብዌ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዲክሰን ቺባንዳ የአእምሮ ሐኪም ነው። በ2005 የሚከታተላት አንዲት ወጣት ራሷን አጠፋች። ከዋና ከተማዋ ከሐራሬ ርቃ በገጠር ትኖር ነበር፤ ሆስፒታል እንድትመጣ ተነግሯት ያልመጣችው ለአውቶቡስ የሚሆን 15 ዶላር አጥታ ነው። ሐኪሙ እውቀት ነበረው፤ መድኃኒትም ነበር። የሌለው የመሳፈሪያ ገንዘብ ነው። ለእኔ «ሁለንተናዊ ሕክምና» ለሚለው አነጋገር ከዚህ የሚበልጥ ማብራሪያ የለም።

በቀጣዩ ዓመት ቺባንዳ በምባሬ ሠፈር ሥራ ሲጀምር ገንዘብም ክፍልም አልተሰጠውም። የተገኙለት በማኅበረሰብ ጤና የሚሠሩ 14 አያቶች ናቸው። ክፍል ስላልነበረ ከጤና ጣቢያው ግቢ ከዛፍ ሥር የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የወዳጅነት ወንበር የሚባለው ፕሮግራም እንዲህ ተጀመረ። አያቶቹ ድባቴ የሚለውን የሐኪም ቃል አይጠቀሙም፤ በሾና ቋንቋ ሐሳብ የማብዛት ሕመም የሚባል የታወቀ ስም አለና በዚያ ይጠሩታል። የመጣው ሰው በመጀመሪያ 14 አጫጭር ጥያቄዎች ይጠየቃል፤ እንቅልፍ፣ ማልቀስ፣ ሐሳብ ማብዛት፣ ራስን ማጥፋት ማሰብ። ከዚያ አያቷ ትጠይቃለች፤ እንግዳዋ ችግሮቿን አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። ባሏ ጥሏት ሄዷል፣ ኪራይ አልተከፈለም፣ ልጅ ታሟል፣ ራሷም ኤችአይቪ አለባት። አያቷ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ራሷ እንድትመርጥ ታደርጋለች። በዚያ በአንዱ ላይ እስከሚቀጥለው ሳምንት የሚደረግ የተወሰነ ነገር ይስማማሉ፤ ማን ዘንድ ትሄዳለች፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ብላ ትጠይቃለች። እስከ ስድስት ጊዜ ይገናኛሉ። ከዚያ የጨረሱት ሰዎች ወደሚሰበሰቡበት ቡድን ትገባለች፤ እዚያ እያወሩ ከአሮጌ ፕላስቲክ ቦርሳ ይሠራሉ፣ ይሸጣሉ።

በ2016 የታተመው ሙከራ በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን አሳተፈ። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው በ14 ጥያቄዎች መለኪያ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት አማካይ ነጥብ 3.81፣ የተለመደውን እርዳታ ያገኙት 8.90 ሆነ። አያቶች አዛኝ ስለሆኑ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። አዛኝ አያት በየሠፈሩ አለች። እነዚህን የለያቸው ሥልጠናቸው፣ የሚከተሉት ሥርዓት፣ በጥያቄዎቹ መለካታቸው፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም የሚልኩበት መንገድ መኖሩ ነው።

በአገራችንም የሚጠቀስ ሥራ አለ። ለረጅም ዓመታት የአእምሮ ሕክምና ማለት አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር፤ የአእምሮ ሐኪም በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በኋላ በጉራጌ ዞን በቡታጅራና በሶዶ ወረዳ በተካሄዱ ጥናቶች ሥራው ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ቤት ወርዷል። በ2022 የወጣው የሶዶ ሙከራ በ48 ቀበሌዎች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 166 ሰዎችን ተከታትሏል። ከጤና ጣቢያው መድኃኒት በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢው ሠራተኞች ቤታቸው እየሄዱ ቤተሰቡን ያነጋግራሉ፤ ታካሚው ወደ ሥራና ወደ እድር የሚመለስበትን መንገድ አብረው ይፈልጋሉ፤ የመንደሩን ሰዎችም ይሰበስባሉ። ለውጡ በስድስተኛው ወር አልታየም፤ በ12ኛው ወር ላይ ግን የዕለት ተዕለት ኑሯቸው የጤና ጣቢያውን እርዳታ ብቻ ካገኙት በተሻለ ተቃንቶ ተገኘ። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ውጤት መፈለግ አያሻም።

ሁሉን መጠየቅ፣ ሁሉን አለመሥራት

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባረው ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። ከእነዚህ አንዷ የሆነች የ22 ዓመት ወጣት አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ መጠለያ ገባች እንበል። የምትለው ራሴን ያመኛል፣ እግሬን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ የለኝም ነው። ባለሙያዋ ከልጅቷ ጎን ትቀመጣለች እንጂ ከጠረጴዛ ማዶ አትሆንም። «ዛሬ ሁሉን መንገር የለብሽም፤ የማትፈልጊውን ዝለይው» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ጥያቄዎቿ ሰፊ ናቸው። ምግብ ይወርድልሻል? ወድቀሽ፣ ተመትተሽ ታውቂያለሽ? የወር አበባሽስ? ደመወዝሽን ሰጥተውሻል? ለደላላው ከማን ተበድራችሁ ነው የሄድሽው? ቤት ያሉት መምጣትሽን ያውቃሉ? ብር ይጠብቃሉ? ትጸልያለሽ፣ ትሰግጃለሽ? መሞት የተመኘሽበት ቀን አለ?

መልሶቹ ወደ ተለያየ በር ይወስዳሉ። የራስ ምታቱ ከድብደባ የመጣ ከሆነ ሐኪም ያያታል። ያልተከፈለው ደመወዝ የሕግ ባለሙያ ይፈልጋል። ዕዳው የቤተሰብ ሽማግሌ ሊፈልግ ይችላል። ባለሙያዋ እነዚህን አትሠራም፤ መኖራቸውን ታውቃለች፣ ታገናኛለች፣ ደርሰው እንደሆነ ትጠይቃለች። ሁለንተናዊነት የምለው ይህን ነው። አንድ ሰው ሐኪምም፣ ቄስም፣ የምግብ አማካሪም፣ የሕግ አዋቂም ልሁን ሲል ግን ከአራቱ አንዱንም በቅጡ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጅቷን እንቅልፍ የሚነሣት ቅዠት ካልቆመስ? እዚህ ላይ ደግነት ብቻውን የት እንደሚቆም የሚያሳይ ጥናት አለ። በ2004 ፍራንክ ኖይነርና ባልደረቦቹ በሰሜን ዩጋንዳ መጠለያ የነበሩ 43 ሱዳናውያን ስደተኞችን ለሦስት መደቡ። አንዱ ቡድን ስለ ሕመሙ ትምህርት ብቻ አገኘ። ሁለተኛው የሚያጽናናና የሚደግፍ ምክር አገኘ። ሦስተኛው ሕይወቱን ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል እየተረከ አስፈሪውን ጊዜ በዝርዝር የሚያልፍበት የትረካ ሕክምና ተሰጠው። ከአንድ ዓመት በኋላ አሁንም በአሰቃቂው ትዝታ የሚሠቃዩት ከመጀመሪያው ቡድን 80 በመቶ፣ ከሁለተኛው 79 በመቶ፣ ከሦስተኛው 29 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ አልጫነውም፤ ግን የሚያጽናናው ምክር ከትምህርቱ ብቻ ያልተሻለ መሆኑን ሳየው እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል። በዚህ የትረካ ዘዴ ታካሚው መሬት ላይ ገመድ ዘርግቶ ለክፉው ቀን ድንጋይ፣ ለደጉ ቀን አበባ ያስቀምጣል። ከዚያ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ያነሣቸዋል። ባለሙያው አብሮት ይሆናል፤ ሲንቀጠቀጥ አይሸሽም፣ አያቻኩለውምም። ርኅራኄው እዚያ ጸንቶ በመቀመጡ ውስጥ ነው።

ባለሙያውን ማን ያየዋል?

ደግ ባለሙያ ታካሚው እየባሰበት መሆኑን ያውቃል ብለን እንገምታለን። በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ባለሙያዎችን 550 ከሚሆኑ ታካሚዎቻቸው መካከል የትኛው እየባሰበት እንደሚሄድ እንዲተነብዩ ጠየቀ። ሦስት ሰዎችን ብቻ ጠቀሱ። በመጨረሻ የባሰባቸው 40 ነበሩ፤ ባለሙያዎቹ በትክክል ያወቁት አንዱን ነው። ታካሚው ራሱ በየስብሰባው ከሚሞላው አጭር መጠይቅ የሚገኘው ስሌት ግን አብዛኞቹን ለይቶ ነበር። የሐራሬ አያቶች 14 ጥያቄያቸውን የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም።

በእኛ ከተሞች አሁን ሁለንተናዊ ፈውስ እንሰጣለን የሚሉ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። በቲክቶክና በዩቲዩብ ደግሞ አንድ ሰው ስለ ትዳርም፣ ስለ ልጅነት ቁስልም፣ ስለ ጨጓራም ሲመክር ይውላል። ከመካከላቸው በጎ ሥራ የሚሠሩ አሉ። እኔ ለመለየት የምጠቀምበት ጥያቄ ቀላል ነው፤ ይህ ሰው የማይሠራውን ነገር ሊነግረኝ ይችላል? ታካሚውን ወደ ማን ይልካል? ራሱንስ ማን ያየዋል?

የመጨረሻው ጥያቄ ችላ የተባለ ነው። ኦልጋ ክሊሜትስኪ፣ ታንያ ዚንገርና ባልደረቦቻቸው በ2014 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎች የሌላውን ሥቃይ እንደ ራሳቸው እንዲሰማቸው ሲሠለጥኑ መጥፎ ስሜታቸው ጨመረ። እነዚያው ሰዎች በመቀጠል ለተሠቃየው መልካሙን መመኘትና መንከባከብን ሲሠለጥኑ ስሜታቸው ተመልሶ ተቃና፤ በአንጎላቸው ላይ የታየው እንቅስቃሴም የተለየ ነበር። ይህ ለሥራችን የሚለው ግልጽ ነው። በየቀኑ ስድስት ሰባት ሰው የምታዳምጥ አማካሪ የሰዎቹን ሥቃይ ሁሉ ተሸክማ ቤቷ ከገባች ወይ ትደነዝዛለች ወይ ትታመማለች። ልታዝን ትችላለች፤ ልትሸከም ግን አይገባም። ይህን ደግሞ ብቻዋን አትማረውም። በየሁለት ሳምንቱ ከራሷ የበለጠ ልምድ ካላት ሰው ጋር ቁጭ ብላ የከበዳትን ታካሚ የምታነሣበት፣ «እዚህ ጋ ተቻኮልሽ» የምትባልበት ሰዓት ያስፈልጋታል። በብዙ የውጭ አገሮች ይህ የሥራው አካል ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ተመርቆ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚሠራ ወጣት ባለሙያ ይህን የሚያገኘው በዕድል ነው። መጠለያ ከፍተው አማካሪ የሚቀጥሩ ድርጅቶችም በጀታቸው ውስጥ ለክፍሉ ኪራይ፣ ለወንበርና ለደመወዝ ሲመድቡ ለዚህ ሰዓት የሚከፈል ብር አብረው ሊመድቡ ይገባል። ታካሚውም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ስለ ክፍያ ሲጠይቅ ባለሙያውን ማን እንደሚያየው አብሮ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።